ሲስተርን ጠይቁ፦ ወተት ጠጥታችሁ ድንጋይ ቁረጡ ያላችሁ ማነው?

ጤና ይስጥልኝ አንባቢዎቼ። ባለፈው እትም ስለ ክረምት ሳል ስጽፍ መጨረሻ ላይ እግረ መንገዴን "የድንጋይ ጠራቢ ሳል ከሌላው ሰው ሳል ይለያል" ብዬ አንድ መስመር ጣል አድርጌ ነበር፣ ያቺ አንድ መስመር ናት እንግዲህ ይሄን ሁሉ ደብዳቤና ሜሴጅ የጎተተችብኝ። ከደብረ ብርሃን፣ ከሞላሌ፣ ከሸዋ ሮቢት፣ ከእነዋሪ ነው የመጣው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ ሙሉውን የድንጋይ አቧራ ነው፣ ስለ ጨጓራና ስለ ፀጉር መነቃቀል የጻፋችሁልኝ እስከሚቀጥለው ወር ትታገሱኛላችሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እንደምን አለሽልን። እኔ የሰላ ድንጋይ ከተማ ልጅ ነኝ፣ እድሜዬ 27፣ ደብረ ብርሃን ዳር ካባ ላይ ጥርብ ድንጋይ ስሠራ 6 ዓመት ሞላኝ። በፊት በመሮና በመዶሻ ነበር፣ ግራይንደር የሚባለው መቁረጫ ማሽን ከገባ ግን 3 ዓመቱ ነው፣ ሥራው ፈጥኗል ብሩም ይሻላል አቧራው ግን ሌላ ነው፣ አንዳንዴ እርስ በርስ አንተያይም። ያስጨነቀኝ የታላቅ ወንድሜ ነገር ነው። እሱ ከኔ በፊት ነው የገባው፣ ዘንድሮ አንዲት ዳገት ለመውጣት ሦስት ጊዜ ይቀመጣል፣ ደረቅ ሳል አለው፣ ከስቷል። ቲቢ ነው ተብሎ የ6 ወር መድኃኒት ጨረሰ፣ አክታው ግን ስንቴ ተመርምሮ አንድም ጊዜ ጀርም አልተገኘበትም፣ ለውጥም የለም። ሰው ብርድ ነው ይላል። አለቃችን ደግሞ አቧራውን ያጥብላችኋል ብሎ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሊትር ወተት ይገዛልናል። እውነት ያጥባል? እኔስ ምን ላድርግ? ልተወው ብል የምበላው የለኝም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከወተቱ ልጀምር ምክንያቱም በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠይቆኛል። ወተት የሚወርደው ሆድ ነው፣ አቧራው ያለው ሳንባ ነው፣ መንገዳቸው ጉሮሮ ላይ ይለያያል። ወተቱ ሳንባህ ቢገባማ ትን ብሎህ ስንቱን ባሳለህ ነበር። ወተቱን ጠጣው፣ ለጉልበት ጥሩ ነው፣ በነጻ የመጣ ወተት ማን ይመልሳል፣ ብቻ አለቃህ ወተት ስለገዛ ደረታችሁን የጠበቀ እንዳይመስለው። ተልባም ማርም እንደዛው ነው፣ ጉሮሮ ያለሰልሳል በቃ። አረቄ ያነጻል የሚሉትን ደግሞ እኔ አልመልስላቸውም፣ የጠጡበትን ምክንያት ራሳቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ድንጋይ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ነገር አለ፣ ኳርትዝም ሲሉት ሰምተህ ይሆናል፣ አሸዋ ፀሐይ ላይ ሲያብለጨልጭ የምታየው አብዛኛው እሱ ነው። ድንጋዩ እንደ ድንጋይ ቁጭ እስካለ ድረስ ማንንም አይነካም፣ ቤት ሠርተህ ብትኖርበት፣ አጥር ብታጥርበት፣ ብትቀመጥበት ምንም። ችግሩ ሲፈጭ ነው። ከግራይንደሩ የሚወጣው አቧራ ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ የምታየው ነው፣ ቅንድብህ ላይ የሚጋገረው፣ ስትናፈጥ ጥቁር ሆኖ የሚወጣው፣ እሱ ትልቅ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዘዋል፣ በአክታ ይወጣል። ሁለተኛው የማታየው ነው። የ1 ሚሊሜትር አንድ ሺኛ ማይክሮን ይባላል፣ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፣ ይሄ አቧራ ግን 4 ማይክሮንና ከዛ በታች ነው። ቅልል ስለሚል ቶሎ አይወርድም፣ ግራይንደሩ ከጠፋ በኋላ ሁሉ አየር ላይ ተንሳፎ ይቆያል። እናንተ ደግሞ ያኔ ነው መሐረባችሁን ፈታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሻይ የምትጠጡት። አንድ ጊዜ ወደ ጫጫ መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተሸፈነ መጥረቢያ ቦታ ገብቼ አይቻለሁ፣ ልጆቹ ሥራ አቁመው ነበር፣ ከቆርቆሮው ቀዳዳ አንዲት የፀሐይ ጨረር ገብታ ጭስ የመሰለ ነገር ስታሳይ ነበር፣ ጨረሯ በሌለችበት በኩል ግን አየሩ ንጹህ ይመስላል። የሻይ ብርጭቆው ላይ ደግሞ ስስ ግራጫ ነገር ተንሳፏል፣ ልጁ በጣቱ ገፋ አርጎ ጠጣው።

እና ያ የማይታየው አቧራ ሳንባ ጫፍ ድረስ ይወርዳል፣ ኦክስጅን ከደም ጋር የሚገናኝባት የመጨረሻዋ ከረጢት ድረስ። እዛ ቆሻሻ የሚለቅሙ ሴሎች አሉ፣ ጀርም ሲመጣ ውጠው ይጨርሱታል፣ ሲሊካን ግን ይውጡታል እንጂ ሊፈጩት አይችሉም፣ እሱ ነው መልሶ የሚገድላቸው። አንዱ ሴል ሲሞት አቧራው ይለቀቅና ሌላው ይውጠዋል፣ እሱም ይሞታል፣ እንዲህ እያለ አካባቢው ይቆስልና ጠባሳ ይሆናል። እጅህ ላይ ያለ የመዶሻ ጠባሳ እንደሌላው ቆዳህ እንደማይለጠጥ ታውቃለህ፣ ሳንባ ደግሞ ሥራው መለጠጥ ነው። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድነው መድኃኒት የለም፣ ይሄን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። በተለመደው መንገድ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው፣ አቧራው ሲበዛ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለው ይመጣል፣ እጅግ ሲበዛ በወራትና በጥቂት ዓመት የጨረሳቸው ሰዎችም አሉ። በመሮ 20 ዓመት ጠርበው ጤነኛ የሆኑ ሽማግሌዎች አሉ ብለህ እንዳትጽናና፣ መሮ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ግራይንደር ግን ድንጋይን ዱቄት ያደርጋል። እነሱ በዓመት የሳቡትን አንተ በስንት ወር እንደምትስበው እንጃ።

የወንድምህ ነገር። ራጅ ላይ ሲሊኮሲስና ቲቢ ይመሳሰላሉ፣ ሁለቱም የሳንባውን የላይኛውን ክፍል ይወዳሉ። በዛ ላይ ሲሊካ የጎዳው ሳንባ ቲቢን መከላከል ያቅተዋል፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ "ሐኪሙ ተሳስቷል" ብለህ አትቸኩል፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ መድኃኒቱን መጨረሱም ደግ አደረገ። አሁን የምታደርጉት ይሄ ነው፦ የድሮውንም የአሁኑንም ራጅ ይዛችሁ ሐኪም ፊት ቀርባችሁ "ድንጋይ ቆራጭ ነው፣ ይሄን ያህል ዓመት፣ በግራይንደር፣ ያለ ውሃ" በሉት። በወረቀት ጽፋችሁ ብትሰጡት ይበልጥ ጥሩ። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው የአክታ ምርመራ እንደገና ይሠራለት፣ የትንፋሽ አቅም መለኪያ ባለበት ቦታም ይለካ።

ለምን በወረቀት እንዳልኩህ ልንገርህ። እኔ ነርስ ሆኜ ካርድ ክፍልም ተመላላሽም ስሠራ "ሥራ" የሚለው ቦታ ላይ "የቀን ሠራተኛ" ብዬ ስጽፍ ነው የኖርኩት። እጁ በድንጋይ የተሰነጣጠቀ ሰው ፊቴ ተቀምጦ፣ ጫማው ላይ ነጭ ዱቄት እያየሁ፣ "የቀን ሠራተኛ"። ምን ዓይነት የቀን ሥራ ብዬ አልጠየቅኩም። ሐኪሙ ካርዱን ሲያነብ ከየት ያውቀዋል፣ ሳልና ክሳት አለ፣ ራጁ ላይ ነጠብጣብ አለ፣ አገራችን ደግሞ የቲቢ አገር ናት፣ ቲቢ ይላል። ስንቱን እንደዛ እንዳሳለፍኩት ሳስበው አሁንም ይቆጨኛል።

ወንድምህ ሲሊኮሲስ ከሆነ ወደ አቧራው መመለስ የለበትም፣ አንድ ቀንም ቢሆን። ከወጣ በኋላም በሽታው ትንሽ ትንሽ ሊገፋ ይችላል፣ ግን ከቆየ የባሰ ነው። ሲጋራ ካለ ይቁም። ብርድ ነው ለሚሉት ደግሞ ምን ልበል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ነገር ብርድ ነው፣ ወገብም ብርድ ሆድም ብርድ፣ 2,800 ሜትር ላይ ተቀምጠን ብርዱን ብንከስ ማን ይፈርድብናል፣ ግን ብርድ ሳንባ ላይ ጠባሳ አይሠራም።

ላንተ፦ ሥራውን ተው አልልህም፣ አሠራሩን ለውጥ ነው የምልህ። መጀመሪያ ውሃ። እርጥብ ድንጋይ ሲቆረጥ ዱቄቱ ጭቃ ሆኖ መሬት ይወድቃል እንጂ አይነሳም። ግን ተጠንቀቅ፣ ተራውን የኤሌክትሪክ ግራይንደር ይዘህ ውሃ እንዳታፈስበት፣ አቧራ ሸሽተህ በኮረንቲ እንዳትሞት። ለውሃ ተብሎ የተሠራ መቁረጫ አለ፣ ዲስኩ ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ እሱም ቢሆን ኮረንቲ ሲያፈተልክ ወዲያው ቀጥ የሚያደርግ ማቋረጫ ላይ ነው መሰካት ያለበት። ያ ከሌለ ዲስኩን የሚሸፍን ክዳንና አቧራ መምጠጫ ማሽን የሚገጠምላቸው አሉ። እሱም ከሌለ በግራይንደር የምትቆርጡትን ቀንሱ፣ በመሮ የሚፈነቀለውን በመሮ ፈንቅሉት፣ ግራይንደሩን ለፊት ለፊቱ ብቻ ተጠቀሙበት፣ መሮ ለምትመቱበት ድንጋይ ውሃ ከጀሪካን ብታርከፈክፉ ደግሞ የሚከለክል ኮረንቲ የለም። የቆርቆሮ ጥላው ሥር አትቁረጡ፣ ሜዳ ላይ ነፋሱን ለጀርባችሁ ሰጥታችሁ ቁረጡ፣ ከናንተ ወደዛ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ደግሞ ሰው አይቀመጥ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውሃ ንካ ስልህ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ፣ ጠዋት ጀሪካኑ አፍ ላይ ስስ በረዶ የሚጋግርበት አገር ነው። ጠዋት ጠዋት የመሸከሙንና የመደርደሩን ሥራ አስቀድሙና እርጥቡን ቆረጣ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ 4 ሰዓት ላይ ጀምሩት፣ የጎማ ጓንትም ይገዛ፣ የወተቱን ብር የሚያወጣ አለቃ የጓንት አያጣም።

ሌላ ደግሞ፣ ሁሉም ድንጋይ እኩል አይደለም። ጥቁሩ ባዛልት ውስጥ ኳርትዝ ትንሽ ነው። በናንተ በሰላ ድንጋይና በደብረ ብርሃን በኩል ያለው ግራጫና ነጣ ያለው፣ ከእሳተ ገሞራ አመድ የጠነከረው ኢግኒምብራይት የሚሉት ከሱ ይበልጥ ሲሊካ አለው። ከሁሉም የሚብሰው የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ጀማ ሸለቆ ወረድ ስትል የምታገኘው ዓይነት፣ አብዛኛው ኳርትዝ ነው። ጥቁር ነው ብለህ ግን ደረቁን አትቁረጥ።

ጥያቄ፦ እህቴ ሲስተር፣ እኔ ከሞላሌ ነኝ። ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ለወፍጮ ቤት እየዞረ ወፍጮ ይወቅራል፣ ድንጋዩ ሲደንዝ እሱን ነው የሚጠሩት። ማታ ሲመጣ ልብሱ ነጭ ሆኖ ነው፣ ልጆቹ ሮጠው ይጠመጠሙበታል፣ እኔም ደጅ ላይ አራግፌ ነው የማጥበው። ዱቄት ነው የሚመስለኝ ስለነበር ግድ አልሰጠኝም፣ አሁን ያንቺን ካነበብኩ ወዲህ ግን ልቤ አልረጋም።

መልስ፦ እቴ፣ ልብሽ እውነቱን ነው። ዱቄቱ የጤፍ ሳይሆን የድንጋይ ነው። ወፍጮ ሲወቀር ሰውዬው ድንጋዩ ላይ አጎንብሶ፣ ፊቱ ከመሮው አንድ ክንድ ሳይርቅ፣ መስኮት በሌለው ጠባብ ክፍል ነው የሚመታው፣ ለዛውም በር ዘግቶ፣ ደንበኛ እንዳይገባ። ባላቸው ድንጋይ ዓይነት ይለያያል እንጂ ወፍጮ የሚሆነው ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ነው የተመረጠው፣ ጠንካራነቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሲሊካው ነው። የፈረንጅ አገር ወፍጮ ወቃሪዎችም በዚሁ በሽታ ያለቁ ናቸው።

ልብሱን ማራገፍ ዛሬውኑ ተይ። ስታራግፊው የወደቀውን አቧራ እንደገና አየር ላይ እያነሳሽው ነው፣ አሁን ደግሞ የምትስቢው አንቺና ልጆቹ ናችሁ። ለሥራው አንድ ቱታ ይኑረው፣ እዛው ወፍጮ ቤት አውልቆ በፌስታል ይዞ ይምጣ፣ አንቺ ፌስታሉን ባልዲ ውስጥ ውሃ ላይ ገልብጪው፣ እስኪርስ ድረስ አትነካኪው፣ ለብቻውም እጠቢው። ልጆቹ ይጠመጠሙበት፣ ግን ታጥቦ ልብስ ከቀየረ በኋላ። ባና ወይ ጋቢ ሥራ ቦታ ይዞ አይሂድ፣ እነሱ አቧራ ይጠጣሉ አይታጠቡም ደግሞ ማታ ተከናንቦ ነው የሚተኛባቸው።

ለእሱ ደግሞ ድንጋዩን በእርጥብ ጨርቅ እያረሰ ይወቅር፣ ወፍጮው መጥፋቱንና ገመዱ ከሶኬት መነቀሉን አይቶ። ባለወፍጮዎቹ ድንጋዩ ከረጠበ እህሉ ይጣበቃል ብለው ይከለክሉት ይሆናል፣ ማታ ወቅሮ እስከ ጠዋት ሲደርቅ የሚያድር ነገር ነው፣ ይነጋገሩ። በሩ ይከፈት፣ መስኮት ካለም እሱም። መጨረሻ ላይ በመጥረጊያ ደረቁን መጥረግ የለም፣ ውሃ ረጭቶ ነው፣ በአፍ እፍ ማለትማ ጭራሽ። እፍ ያለው አቧራ የት እንደሚመለስ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። እኔ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የመንገድና የድልድይ ሥራ ላይ ፎርማን ነኝ፣ እድሜዬ 54 ነው፣ ድንጋይ ሰባብሮ ጠጠር የሚያደርግ አንድ ክሬሸርም አለን። ሠራተኛው ማስክ አያደርግም ብለሽ እኛን እንዳትወቅሺን፣ በካርቶን ገዝተን ሰጥተናል፣ ኪሳቸው ውስጥ ነው የሚከቱት። የዚህን አገር ሙቀት ታውቂዋለሽ። ከሥራ ማስኬጃ ላይ ከዚህ በላይ ወጪ ባለቤቱ አይፈቅድልኝም። ምን ላድርግ ነው የምትይው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፣ ከአሠሪ ወገን የጻፉልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ግን ልጠይቅዎት፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው የቱ ማስክ ነው? ያ በኮሮና ጊዜ ሁላችንም ጆሯችን ላይ ያንጠለጠልነው ሰማያዊው ከሆነ ኪሳቸው መክተታቸው ምንም አላጎደለባቸውም። እሱ ምራቅ እንዳይረጭ ነው የተሠራው፣ በጉንጭና በአፍንጫ በኩል ክፍት ነው። መሐረብና ሻሽም እንደዛው፣ ሲፈቱት አፍና አፍንጫው ላይ ሁለት ጥቁር ክብ ሠርቶ ሲያዩ ያዘልኝ ይላሉ፣ የያዘው ትልቁን ነው። የሚሠራው ኤን 95 ወይም ኤፍኤፍፒ 2 የሚል የተጻፈበት ነው፣ ሁለት ላስቲክ ያለው፣ አንዱ በአናት አንዱ በማጅራት የሚታሰር፣ ጥቃቅኑን 95 ከመቶ ያህል የሚያስቀር። ያም ቢሆን ፊት ላይ ልጥፍ ካላለ ዋጋ የለውም፣ ጺም ያለው ሰው ላይ ደግሞ በጺሙ በኩል ያስገባል። ሲያደርጉት በሁለት እጅ ሸፍነው በኃይል ሲተነፍሱ ዓይናቸው ሥር ነፋስ ከተሰማቸው አልገጠመም ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን ማስክ የመጨረሻው ነው እልዎታለሁ። በሸዋ ሮቢት ሙቀት 8 ሰዓት ሙሉ ኤን 95 አድርጎ አካፋ ያዝ የሚባል ሰው ላይ እኔም አልፈርድም፣ እኔ ሆስፒታል ውስጥ ጥላ ሥር ሆኜ እንኳ አልችለውም። ለዚህ ነው አቧራውን ከመነሻው መያዝ የሚያስፈልገው። ክሬሸሩ ላይ ድንጋይ የሚገባበትና ጠጠሩ ከቀበቶው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ውሃ የሚረጭ ቱቦ ይግጠሙ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቧንቧና ፓምፕ ነው፣ ሮቦት አይደለም። ጠጠሩ ከቀበቶው የሚወድቅበትን ከፍታ ያሳጥሩት፣ በሸራም ይሸፍኑት። ግቢውን ቦቴ ያርከፍክፍ። ማሽን የሚነዳው ልጅ መስታወቱን ይዝጋ። ኮንክሪት በጃክሃመር (በኮረንቲ ሳይሆን በነፋስ ግፊት በሚሠራው) የሚሰብር ሰው አጠገብ ሁለተኛ ሰው የውሃ ጎማ ይዞ ውሃ ያፍስስ። ልብስን በኮምፕሬሰር መንፋት ይከልክሉ፣ ይሄን ሁሉም ሳይት ላይ አያለሁ፣ ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ተራ ይዘው እርስ በርስ ይነፋፋሉ፣ ቀኑን ሙሉ ከሸሹት አቧራ ይልቅ በዛች ደቂቃ ፊታቸው ላይ የሚነሳው ይብሳል።

ምን ያህል አቧራ ነው የምትፈሪው ይሉኝ ይሆናል። አሜሪካኖቹ በ2016 ያወጡት ገደብ በ1 ሜትር ኪዩብ አየር ውስጥ 50 ማይክሮግራም ነው፣ ይሄ ማለት የአንዲት የገበታ ጨው ቅንጣት ክብደት ያህል ነው። ሠራተኛ በ8 ሰዓት ፈረቃ 10 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር ይስባል። እንግዲህ በጣትዎ ጫፍ ቆንጠር ያደረጉትን ጨው ያስቡ፣ ከሱ ውስጥ 10 ቅንጣት፣ በቀን፣ እሱም መጨረሻው ድንበር ነው። በዓይን "ዛሬ አቧራ የለም" የሚለው ፎርማን ምን እያየ እንደሆነ አይገባኝም፣ አይቀየሙኝ።

ወደ ደብረ ብርሃን ሲወጡ የጣርማ በርን ዋሻ ያልፋሉ አይደል፣ ጣልያን ያስቆፈረው። እሱን ባለፍኩ ቁጥር የሌላ አገር ዋሻ ነው ትዝ የሚለኝ። በፈረንጆቹ 1930 እና 31 አሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ሃውክስ ኔስት በሚባል ቦታ ለመብራት ኃይል ወንዝ ሊጠልፉ ተራራ ቆፈሩ። ድንጋዩ ሲሊካው እጅግ የበዛ የአሸዋ ድንጋይ ነበር። በውሃ መቆፈር እንደሚቻል ይታወቅ ነበር ግን ደረቁ ይፈጥናል ተብሎ በደረቁ ተቦረቦረ፣ ቆፋሪዎቹ አብዛኞቹ ሥራ ፍለጋ ከሩቅ የመጡ ጥቁሮች ነበሩ፣ ማስክ አልተሰጣቸውም። በጥቂት ዓመት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ፣ አንዳንዱ የሠራው ወራት ብቻ ነው። የተቆጠበው የውሃው ጊዜ ነው እንግዲህ።

ባለቤቱ ወጪ አልፈቅድም ካለዎት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92ን ፕሪንት አርገው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለት። ሠራተኛው ስለሚያሰጋው አደጋ እንዲነገረው፣ መከላከያ ዕቃ እንዲሰጠው፣ አደገኛ ሥራ ላይ ያለው ደግሞ እንደ አስፈላጊነቱ በአሠሪው ወጪ የጤና ምርመራ እንዲደረግለት ግዴታው የአሠሪው ነው ይላል። አንቀጽ 32 ደግሞ ለጤናው የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው እያወቀ ካላስተካከለ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይናገራል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 42 ላይ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የሠራተኛ መብት ነው ብሏል። አንቀጽ በመጥቀስ ውሃ አይፈስም፣ አውቃለሁ፣ ግን እርስዎ በመሃል ተይዘው ስለሆነ የሚይዙት ወረቀት ያስፈልግዎታል። ሠራተኛውም በአንቀጽ 93 የተሰጠውን ዕቃ የመጠቀም ግዴታ አለበት፣ ይሄንንም ይንገሯቸው፣ ግን ውሃውን ካስገጠሙ በኋላ ቢሆን ይሰሙዎታል።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ ደብረ ብርሃን ማርብል ቤት ነው የምሠራው፣ የኪችን ጠረጴዛ እንቆርጣለን። ማርብልና ግራናይት አንድ ነው? አሁን ደግሞ ከውጪ የሚመጣ ኳርትዝ የሚሉት አለ።

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ንጹህ እምነበረድ ውስጥ ሲሊካ ጥቂት ነው። ግራናይት ከመቶ 30 ያህል ኳርትዝ ሊኖረው ይችላል። ያ ከውጪ የሚመጣው ደግሞ ድንጋይ ፈጭተው በሙጫ ያጣበቁት ነው፣ ብዙው ከመቶ 90 በላይ ሲሊካ ነው፣ አውስትራሊያ በዚህ ምክንያት ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ጨርሳ ከልክላዋለች፣ የሚቆርጡት ልጆች በወጣትነታቸው ሳንባቸው ስላለቀ። እሱን በደረቁ ቁረጥ ካሉህ እኔ ብሆን እምቢ እላለሁ። ሌላውንም በውሃ። ወለሉ ላይ የቀረው ጭቃ ደርቆ ሳይቦን ታጥቦ ይጠረግ።

መንዝ መዘዞ በኩል ኦፓል የሚባለውን የከበረ ድንጋይ የምታጸዱ ልጆችም ጠይቃችሁኛል። ኦፓል ራሱ ሲሊካ ነው፣ ግን ውሃ የቋጠረና እንደ ኳርትዝ ያልተደረደረ ዓይነት ነው፣ ያን ያህል ክፉ አይደለም። የተጣበቀበትን ድንጋይ ግን ስትፈጩት አብራችሁ ነው የምትስቡት። ለውሃ የተሠራ ማሽን ይሁንና ዲስኩ ላይ ውሃ ይንጠብ፣ ድንጋዩም እንዳይሰነጠቅ ይጠቅማችኋል፣ ለዛ ሲባል እንኳ።

ጥያቄ፦ ሲስተር እርስዎ ይመክሩኛል ብዬ ነው። ከእነዋሪ ነኝ፣ 16 ዓመቴ ነው። ክረምት ት/ቤት ሲዘጋ አጎቴ ጋ ክሬሸር ላይ እሠራለሁ፣ ጠጠር ከቀበቶው ሥር በአካፋ መጥረግ ነው። አጎቴ ሥራው ቀላል ስለሆነ ነው ለአንተ የሰጠሁህ ይለኛል። የደብተር መግዣ ነው የምፈልገው።

መልስ፦ ልጄ፣ ቀላል አይደለም። ለጉልበት ይቀል ይሆናል፣ ለሳንባ ግን ከሳይቱ ሁሉ መጥፎው ቦታ አንዱ ነው፣ ጠጠሩ የሚወድቀው እዛ ነው፣ አቧራው የሚቦነው እዛ ነው፣ አንተ ደግሞ በደረቁ ስትጠርገው የወደቀውን ታነሳዋለህ። አዋጁ ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከመሬት ሥር ቁፋሮም ከድንጋይ ካባም ከመሳሰለውም እንዲርቅ ይላል፣ አጎትህ ክፉ ሆኖ አይደለም አላወቀም፣ ይሄን ገጽ ቀደህ አሳየው። ሥራ ከሰጠህ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ራቅ ባለ ቦታ መዝገብ መያዝ ወይ ቦቴው ስንቴ እንደመጣ መቁጠር ይስጥህ። ውሃ ማመላለስም እሺ፣ ግን ጀሪካኑን ክሬሸሩ አጠገብ የሚያደርሰው ሌላ ሰው ይሁን። ደብተሩ ስንት ብር እንደሚያስፈልግህ ጻፍልኝና ሌላ መላ እንፈልጋለን።